ሆደ ሰፊው ኮባ



ስለ ቅጠለ ሰፊ ተክሎች አያያዝ እንድናገር ስትጠሩኝ የልባችሁ ጥያቄ ገብቶኛል። ላሊበላ ብዙ ሆቴል፣ ብዙ ማረፊያ ቤት ያላት ከተማ ናት። በረንዳው ላይ፣ እንግዳ መቀበያው ጥግ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ የመጣ ተክል በማሰሮ ይቀመጣል። ሦስት ወር አምሮበት ይታያል። ከዚያ የቅጠሉ ጫፍ ይጠወልጋል፤ ከዚያ ይረግፋል፤ ከዚያ ማሰሮው የሲጋራ ቁራጭ መጣያ ይሆናል። "ለምን ይደርቅብናል?" ነው ጥያቄያችሁ። እመለስበታለሁ። ግን ከእንግዳ መቀበያው ሳይሆን ከወጥ ቤቱ ጓሮ ልጀምር፤ እኔ ተክል ማወቅ የጀመርኩት እዚያ ነውና።

ያደግሁት ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ከክብ የድንጋይ ቤታችን ጀርባ፣ የታጠበ ዕቃ ውሃ በሚደፋበት ቦታ፣ አንድ ኮባ ነበረን። ሆን ብሎ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አልነበረም። ጥራጊው፣ አመዱ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ የድስቱ እጣቢ ሁሉ እግሩ ሥር ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ ይወፍራል። ለቡሄ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ድፎ ሲጋገር ጎረቤቱ ሁሉ "እስቲ አንድ ቅጠል" እያለ ወደ ጓሯችን ይመጣ ነበር። ቅጠል ቆራጩ እኔ ነበርኩ። እናቴ ከወጥ ቤቱ ሆና "የታችኛውን! ልቡን እንዳትነካ!" ብላ ትጮህብኛለች። ልቡ ማለት መሐል ላይ ገና ያልተፈታው ጥቅልል ቅጠል ነው። አንድ ቀን ለጨዋታ ብዬ ያንን ጥቅልል ስቤ ነቀልኩት። ምን እንደደረሰብኝ አባቶች በተቀመጡበት አልናገርም።

ያ ኮባ ያምራል ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ቅጠሉ ለዳቦ ነው፤ ግንዱ ለሚቆም ነገር አይሆንም፤ ፍሬው አይበላም፤ በቃ። ቆንጆ መሆኑን የነገረኝ የባዕድ አገር ሰው ነው። አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ወደ ነአኩቶ ለአብ ሲሄዱ መሪያቸው "ቶሎ እንሂድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል" እያለ ሲያጣድፋቸው እሳቸው ከእናቴ ኮባ ፊት ቆመው ቀሩ። ፎቶ አነሡት፣ የቅጠሉን ደንደስ በጣታቸው ዳሰሱት። "እኔም አገሬ አንድ አለኝ" አሉ፤ "በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ በጭድ እጠቀልለዋለሁ፣ እንደ ሕፃን።" መሪው ሲተረጉምልኝ ሳቅኩ። ኮባን በጭድ ጠቅልሎ የሚያስተኛ ሰው!

በኋላ ሳነብ ግን ሽማግሌው ብቻቸውን እንዳልሆኑ ገባኝ። የዚህን ተክል ወሬ ለአውሮፓ አትክልተኞች ያደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም በ18ኛው መቶ ዘመን መጥቶ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ "እንሰት" ብሎ ስሙን ከነሥዕሉ አወጣው። ቅጠሉን አድንቆ አልበቃውም፤ የጥንት ግብፆች በሐውልቶቻቸው ላይ የቀረጹት ይህን ነው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ይሄንኛውን እንኳ የብሩስ ግነት ብዬ ልለፈው። ከዚያ ደግሞ ዋልተር ፕላውደን አለ፤ በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው፣ የራስ ዓሊና የአፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ፣ በ1860 በጎንደር አካባቢ የተገደለው። እኛ ፕላውደንን የምናውቀው በፖለቲካው ነው። ለንደን አጠገብ ያለው የኪው የዕፅዋት ስፍራ ግን በ1853 በላከው የኮባ ዘር ያስታውሰዋል። ዘሩ በመስተዋት ቤት በቅሎ፣ አድጎ፣ አበበ፤ በ1861 በታዋቂው የዕፅዋት መጽሔታቸው በሥዕል ወጣ። እነዚህ ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወዲህ ያሉ የአውሮፓ ባለጸጎች የበጋ አትክልታቸው ያለ "የአቢሲኒያ ሙዝ" አላምር አላቸው። ዛሬም ደንደሱና ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላው ዓይነት፣ ማውረሊ የሚሉት፣ ከእንግሊዝ የአትክልተኞች ንጉሣዊ ማኅበር የምርጥ አትክልት ሽልማት ያለው ነው።

ስሙንም ልንገራችሁ። ሳይንቲስቶች ከሙዝ ወገን ቆጥረውት ቆይተው፣ በፈረንጆቹ 1947 ቺዝማን የተባለው የዕፅዋት ሊቅ "ይህ ራሱን የቻለ ወገን ነው" ብሎ ለየው። የወገኑ ስም እንሰት ሆነ፤ የእኛው ቃል በላቲን መዝገብ ገባ ማለት ነው። የሁለተኛው ስም፣ ቬንትሪኮሱም፣ ትርጉሙ ሆዱ የተነፋ ነው፤ ከግርጌው አበጥ ስለሚል። ትርጉሙን ሳነብ ለራሴ "ሆደ ሰፊ" ብዬ ተረጎምኩት። በእኛ ቋንቋ ሆደ ሰፊ ማለት ቻይ፣ ታጋሽ ማለት ነው። ለኮባ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም። እጣቢ ይደፉበታል፣ ቅጠሉን በየበዓሉ ይገፍፉታል፣ በረዶ ይበሳሳዋል፤ እሱ ዝም ብሎ ሌላ ቅጠል ይፈታል።

ትዕግሥቱ ግን ከየት እንደሚመጣ ካላወቅን አያያዙንም አናውቅም። ኮባ ዛፍ አይደለም። ግንድ የምንለው የቅጠሎቹ ሽፋን አንዱ በአንዱ ላይ ተጠቅልሎ የቆመ ነው፤ ብታርዱት አንዲት የእንጨት ስንጥር አታገኙበትም፣ ውሃ ነው። እውነተኛው ግንድ ከመሬት ጋር ተጣብቆ የተቀመጠው፣ ደቡቦች አሚቾ የሚሉት ነው። ተክሉ ውሃውን የሚያከማቸው በዚህ ሁሉ ሥጋው ውስጥ ስለሆነ በጋውን ይችላል። ይህ ደግሞ አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል። ደረቅ ወራት ያልገደለውን ኮባ፣ በብርድ ወራት ሥሩ ላይ የቆመ ውሃ በአንድ ወር ያበሰብሰዋል። እጣቢ ይደፋበት ስል እጣቢው ይሥረግ፣ ይውረድ ማለቴ ነው፤ ይቆይበት ማለቴ አይደለም። የሳሙናው ውሃ በበዛበት ቀን ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ድፉት።

ቅጠሉንም እዩት። ጅማቶቹ ከደንደሱ ተነሥተው ወደ ዳር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እርስ በርስ የሚያስተሳስራቸው ጠንካራ ጅማት የለም። ስለዚህ ነፋስ ሲመታው በጅማቶቹ መሐል ይቀደዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ታመመ" ይላል። አልታመመም። የተቀደደ ቅጠል ነፋሱን ያሳልፋል፣ ተክሉም አይገነደስም። ለዳቦ ግን የተቀደደ ቅጠል አይሆንም፤ ለዓይንም አያምርም። ስለዚህ የእኛ ሥራ ነፋስ መከለል ነው። የቤት ጥግ፣ የድንጋይ ካብ፣ የቁልቋል አጥር። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል የሚወርደውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ከእኔ መስማት አያስፈልገውም።

አሁን ቁጥር ትንሽ ልስጣችሁ። እንሰት ከ1,100 እስከ 3,000 ሜትር ግድም ባለው ከፍታ ይበቅላል፤ በጣም የሚመቸው ከ2,000 እስከ 2,750 ሜትር ያለው ነው። ላሊበላ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች በከፍታ በኩል ችግር የለብንም። ችግራችን ዝናብ ነው። እንሰት በሚለማበት አገር በዓመት ከ1,100 እስከ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ የእኛ የላስታ ዝናብ ከዚያ ያንሳል፣ ያውም አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠራቅሞ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ አገር ኮባ የሚገኘው የሰው ውሃ በሚወርድበት ነው። የእናቴ ኮባ ከእጣቢው ጋር የተጣበቀው በአጋጣሚ አልነበረም።

እጣቢ የሌለው ሰው ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ገብቶ ይይ። ከዋሻው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ፏፏቴ አይደለም፤ ጠብታ ነው። ጠብ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ ይላል፤ ከታች በተቀመጡት የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናን ለጸበል ይወስዱታል። እኔ ከጸበሉ በተጨማሪ አንድ የአትክልት ዘዴ ተምሬ ወጣሁ። አሮጌ ጀሪካን አንሡ፤ ክዳኑን በመርፌ ብሱት፤ ሞልታችሁ ኮባው አጠገብ ክዳኑ ወደ ታች ሆኖ ይጋደም። ባልዲ ሙሉ በአንድ ጊዜ ብታፈሱ ደረቁ አፈር አይቀበለውም፤ ይሄድባችኋል። ጠብታ ግን ወደ ጥልቁ ይገባል። በበጋ በሳምንት አንድ ጀሪካን ለአንድ ኮባ እሰጣለሁ፤ ይበቃዋል።

ከውሃው ቀጥሎ ፍግ ነው። ትኩስ እበት አትጨምሩ፤ ሥር ያቃጥላል። ዓመት የከረመ ፍግ፣ ከአመድ ጋር። የደቡቡ ገበሬ እንሰቱን ቤቱ አጠገብ የሚተክለው ለምን ይመስላችኋል? የከብቱ ፍግ ከበረት ወደ እንሰቱ በቀላሉ እንዲሄድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ ሲጥል የላይኛው ቅጠል ሊጠቁር ይችላል። አትደንግጡ፤ ልቡ ካልሞተ አዲስ ይፈታል። እንግሊዛዊው ሽማግሌ ጭድ የሚጠቀልሉት ልቡን ለማዳን ነው፤ እኛ ግን ቆለኛ ባንሆንም የእሳቸውን ያህል ብርድ የለብንም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ፤ እሱም ማባዛት ነው። ሙዝ በራሱ ጊዜ ልጆች ያወጣል። ኮባ አያወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበና ዘሩን ከጣለ በኋላ ይሞታል፤ ለዚህም ስድስት፣ ስምንት ዓመት፣ በብርዳማ ቦታ ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። የእናቴ ኮባ አንድ ዓመት ትልቅ የተደፋ አበባ አወጣ። ሰፈሩ ሁሉ "ተባረከ!" አለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ወደቀ፣ ምትኩም አልነበረም። ለገናው ድፎ ቅጠል ልመና ሌላ ቀበሌ ሄድኩ። በዚያ ቀን ያዘንኩት ለኮባው ብቻ አይደለም። ቅጠሉን ስንቀጥፍ ኖረን እንዴት እንደሚወለድ አለማወቃችን አሳዘነኝ።

የአወላለዱን ነገር የተማርኩት ከዓመታት በኋላ፣ ለሥራ ጉራጌ ሄጄ ነው። ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቤት እንግዳ ሆኜ፣ ባለቤቲቱ እናት እንሰት ስትሠራ አየሁ። እኔ "ኮባ" እላለሁ፣ እሷ "አሰት" ትላለች። "እናንተ አገር ምን ታደርጉበታላችሁ?" አለችኝ። "ዳቦ እንጋግርበታለን" አልኩ። "ሌላስ?" "ሌላ የለም።" ልጆቿን ጠርታ በጉራግኛ የሆነ ነገር ነገረቻቸው፤ ሁሉም ሳቁ። ለእነሱ እንሰት ማለት ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው፣ ቃጫው፣ ከብቱ የሚበላው ቅጠል፤ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት ተክል። በዱር ያለው ዘመዱ ከእኛ አገር ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛል፤ አላምዶ የጓሮ ያደረገው ግን ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው። እሷ ፊት "ዳቦ" ስል ትንሽ አፈርኩ።

እንዲህ ነው የምታደርገው። ሁለት ሦስት ዓመት የሆነውን እንሰት ከመሬት አንድ ስንዝር ትታ ትቆርጠዋለች። ከመሐሉ ልቡን፣ ያቺን እኔ በልጅነቴ የተገረፍኩባትን ልብ፣ በቢላ ትፍቃታለች። በውስጡ ድንጋይና አፈር ትሞላለች፤ አሚቾውንም ሥሩን ቆርጣ ሌላ ቦታ በፍግ ትቀብረዋለች። ልቡ ከሌለ አሚቾው ዙሪያውን ያሉትን የተኙ ቡቃያዎች ያነቃል። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ዳሩን ይዞ ልጆች ይወጣሉ፤ ከአንድ አሚቾ ከመቶ በላይም ሊወጣ ይችላል። ዓመት ሲሞላቸው እየለየች ትተክላለች። ልብ ያላት ተክል ልጅ አትወልድም፤ ይህን ለማመን ዓይኔ ማየት ነበረበት።

ተመልሼ እዚህ፣ በእናቴ ጓሮ፣ ሞከርኩ። የመጀመሪያው በሰበሰ፤ በፍቅር ብዛት በየቀኑ ውሃ አፈሰስኩበትና። ሁለተኛው በጥር ቀብሬ፣ በጀሪካን ጠብታ ብቻ ይዤው፣ በሚያዝያ አሥራ ሰባት ልጅ አወጣ። ጉራጌዋ እናት ብትሰማ ትስቅብኛለች፤ ለእኔ ግን ሰርግ ነበር። በዘርም ይቻላል ይሏችኋል። እውነት ነው። ግን ዘሩ ጥቁር፣ እንደ ጠጠር የደረቀ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ቀን ሙሉ ነክራችሁት ብትዘሩት እንኳ አንዱ በወሩ፣ ሌላው በስድስት ወሩ ይበቅላል፣ ሌላው ጭራሹኑ አይበቅልም። ትዕግሥት ያለው ይሞክር፤ እኔ አሚቾውን መርጫለሁ።

ሌላ አንድ ነገር ስናገር ግን በጥሞና ስሙኝ። "ጥሩ ነው እንግዲያው፣ ከደቡብ አንድ መኪና እናስመጣ" የሚል ሰው ይነሣል። እባካችሁ ተዉ። የእንሰት አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ። ተውሳኩ ባክቴሪያ ነው፤ በ1968 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንሰት ላይ አግኝተው አሳወቁት፤ ከዚያ ወደ ሙዝ ተላለፈ፤ በ2001 ኡጋንዳ ደርሶ የሙዝ እርሻ አጥፍቷል። ቅጠሉ ያለ ምክንያት ይጠወልጋል፣ ልቡ ይቆለመማል፣ ብትቆርጡት ነጭ ቢጫ ዝቃጭ ያወጣል። መድኃኒት የለውም፤ የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል። የሚዛመተው በዋናነት በቢላ ነው። በታመመው ላይ ያለፈ ቢላ ጤነኛውን ይበክላል። በእኛ ጓሮ ያለው ኮባ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ ተራርቆ መኖሩ ጥሩ አጥር ሆኖለታል። ስለዚህ ልጆቹን ከራሳችን ኮባ እናውጣ፤ ከአንዱ ኮባ ወደ ሌላው ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ቢላውን በእሳት እንለብልበው። የጎረቤት ቅጠል ቆራጭ ቢላ ይዛ ስትመጣም "እታለም፣ የእኔን ቢላ ውሰጂ" ማለት አያስቀይምም።

አሁን የሆቴል ባለቤቶች፣ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። በረንዳችሁ ላይ የሚሞተው ሞንስቴራ የሚባለው ቅጠለ ሰፊ ተክል ከመካከለኛው አሜሪካ ደን ነው የመጣው፤ ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በጉም፣ በእርጥበት የኖረ ነው። የላስታ አየር ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀኑ ፀሐዩ ይለበልባል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የምትወዱት ከሆነ በቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እየከተታችሁ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። በበረንዳውና በደጁ ግን ኮባ አቁሙ። ግማሽ በርሜል ወስዳችሁ፣ ሥሩን አራት አምስት ቦታ በስታችሁ፣ ጠጠር ከታች፣ ከዚያ አፈርና የበሰለ ፍግ እኩል ለእኩል። ሁለት ዓመት በርሜሉ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ መሬት ይውረድ፤ ሥሩ ቦታ ከጠበበው ቅጠሉ ያንሳል። በኮሮናና በሰሜኑ ጦርነት ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታት ስንቱ ግቢ እንደደረቀ አይተናል፤ አጠጪ ሲጠፋ ሞት የሚጀምረው ከማሰሮ ነው። የዚያን ጊዜ እጣቢ ሥር የነበረው ኮባ ቆሞ ነበር።

ቅጠል ስትቆርጡ ከታች ጀምሩ። ከላይ ቢያንስ አምስት ስድስት ቅጠል ይቅርለት፤ ምግቡን የሚሠራው በእነሱ ነው። የደረቀውን አትጎትቱ፣ በቢላ ቁረጡት፤ ሽፋኑ ሲላጥ ግንዱ ይራቆታል። ፍልፈል ያለበት አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ተክሉ አለምክንያት ሲዘነብል ካያችሁ ሥሩን ቆፍራችሁ እዩ፤ ፍልፈል አሚቾ ይወዳል። ቅጠሉን ለድፎ ስታዘጋጁ ደንደሱን አውጡት፣ በእሳት ላይ ወለብ ወለብ አድርጉት፤ ያኔ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ አይሰበርም። ይህንን ለእናቶች መናገሬ ለመነኩሴ ጾም እንደ ማስተማር ነው፤ የተናገርኩት ግን ወጣቶቹ ስለማያውቁት ነው።

አንድ እናት ከመጀመሬ በፊት እዚህ በር ላይ "ልጄ፣ ለውበት ብለህ የምትተክለውን ኮባ ለዳቦ ብቆርጠው ታዝንብኛለህ?" ብለውኛል። እማማ፣ አላዝንም። የታችኛውን ከሆነ።

ከአዳራሹ ኋላ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ፣ ከእናቴ ጓሮ ከበቀሉት መሐል አሥራ ሁለት ችግኝ አምጥቻለሁ። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ እየቀረበ ነው። ጉድጓዱን ዛሬ ቆፍራችሁ፣ ፍጉን ነገ ጨምራችሁ፣ ዝናቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጥል ትከሉት። አንድ ቤት አንድ ብቻ ይውሰድ። ቢላውን እኔ ይዤዋለሁ፤ ክብሪትም አለኝ።